የታሪክ ክበብ፦ ከሮም በኋላ ያለው አበበ

የታሪክ ክበባችን ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ ያጠናው አንድ ሰው ነው፤ ሻምበል አበበ ቢቂላ። እጅ አውጥተው የመረጡት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው።

የሮም ኦሊምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ “ከዚያ አለፍ ያለ ነገር ፈልጉ” አልናቸው። ፈልገውም አመጡ። የሮም ማራቶን የተካሄደው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም፣ ልክ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። በሩጫው መንገድ ላይ ደግሞ ፋሽስት ጣሊያን ዘርፎ የወሰደው የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር። ይህ በሚኒ ሚዲያ ሲነበብ ሠልፉ በሙሉ ነው ያጨበጨበው። ቶኪዮ ላይ፣ ጥቅምት 1957፣ ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ካደረገ ጥቂት ሳምንታት ብቻ አልፈውት ነበር። እንደዚያም ሆኖ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ አሸነፈ። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍም የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

እኔን ግን የነካኝ ሁለተኛው ሴሚስተር ነው። ያኔ 1961 ዓ.ም ላይ ደረስን። በጥቅምት ሜክሲኮ ላይ እግሩን አሞት ውድድሩን አቋረጠ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ ወሰደ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ደግሞ የመኪና አደጋ ደረሰበት። ከዚያ በኋላ በእግሩ አልሄደም። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታከመ። እዚያ ለአከርካሪ ሕመምተኞች ስፖርት የሕክምናው አካል ነው። አበበም በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት ወርውሮ ተወዳደረ። በኋላም ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ ተንሸራታች ውድድር አሸነፈ። ጥቅምት 1966 ሲያርፍ ገና 41 ዓመቱ ነበር።

አብዛኞቹ ልጆች “ትምህርቱ ተስፋ አለመቁረጥ ነው” ብለው ጻፉ። ልክ ናቸው። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ግን ተነስታ፣ “እሱ ጎበዝ ነው፤ ግን ወንበሩን የሚያስገባ ቦታም አግኝቷል። እኛ ትምህርት ቤት ቢመጣ የት ይገባል?” አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። በዚህ ዓመት ከሰማሁት ሁሉ ይህን ጥያቄ አስበልጣለሁ። ጽናትን ከተጎዳው ሰው ብቻ መጠበቅ አይገባንም። በሩን የሚሠራው ሌላው ሰው ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ልጆቹ ሜትር ይዘው ወጡ። የየክፍሉን በር ስፋት ለኩ፣ ደረጃዎቹን ቆጠሩ፣ ካርታ ሣሉ። ካርታውን ከደብዳቤ ጋር ለርእሰ መምህሩና ለወላጅ ኮሚቴው አቀረቡ። የወላጅ ኮሚቴው ሲሚንቶ ገዛ፣ ልጆቹ አሸዋና ድንጋይ አቀበሉ፤ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ የዊልቸር መወጣጫ ተሠራ። በወላጆች ቀን ብዙ አያቶች ከደረጃው ይልቅ በእሱ ሲወጡ አይተናል።

ቤተ ሙከራውና መጸዳጃ ቤቱ ገና ናቸው። ካርታው በክበቡ ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። በመስከረም ምዝገባ ስንጀምር ሥራው ከዚያው ይቀጥላል፤ መለካትና መሣል የምትወዱ ኑ።