ልጄን ደግፈው ላቆሙልኝ የትምህርት ቤት ሠራተኞች የቀረበ ምስጋና

በመጀመሪያ ልጄን ለዚህ ቀን ላበቃልኝ አምላክ ምስጋና ይድረሰው። በመቀጠልም በሜሪላንድ ግዛት፣ በሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ልጄ ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል በተማረችበት መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምታገለግሉ ሁሉ፣ በዚያ በሰባተኛ ክፍል የጭንቅ ወራት ስለዋላችሁልን ውለታ በአደባባይ ላመሰግናችሁ እወዳለሁ። የሆነውን የምታውቁ ታውቁታላችሁና አልዘረዝረውም። ደብዳቤውን ከማውጣቴ በፊት ለልጄ አንብቤላታለሁ፤ ይቅር ያለችው ቀርቷል። የማንንም ስም ያልጠቀስኩትም የእርሷ ማንነት እንዲጠበቅ ብዬ ነው።

አስቀድሜ የማነሣቸው የክፍሏ አማካሪ የነበሩትን ሴት ነው። የዚያን ዕለት በሥራ ቦታዬ ሆኜ ስልኩን ሳነሣ መጀመሪያ የሰማሁት የአማርኛ ድምፅ ነበር፤ አማካሪዋ ለእኔ ከመደወላቸው በፊት አስተርጓሚ በመስመሩ ላይ አስገብተው ኖሯል። እንግሊዝኛዬ ለሥራዬ የሚበቃኝ ቢሆንም፣ እናት ስለ ልጇ እንዲህ ያለውን ነገር በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ልትሰማው እንደሚገባ ሳልነግራቸው ተረድተውታል። ወላጅ በሚገባው ቋንቋ መረጃ የማግኘት መብቱ እ.ኤ.አ. በ1964 ከወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ የሚመነጭ መሆኑን በኋላ ዐወቅሁ፤ በዚያች ሰዓት በአነጋገራቸው ውስጥ የነበረውን ርኅራኄ ግን ያዘዛቸው ሕግ የለም። በማግስቱ በተደረገው ስብሰባም አስተርጓሚው ዘግይቶ ልጄ እንደለመደችው ልታስተረጉምልኝ ስትጀምር፣ «ዛሬ የተሰበሰብነው ስለ አንቺ ነው፤ አንቺ አታስተረጉሚም» ብለው አስቆሟት፤ አስተርጓሚው እስኪመጣም ሁላችንም ጠበቅን።

በእኛ ሰው ዘንድ ያለውን ስጋት ሳልጠቅስ አላልፍም። ልጄ ድባቴ ይዟታል ብሎ ለትምህርት ቤት መናገር «መንግሥት ልጅሽን ይወስድብሻል» በሚል ፍርሃት የተነሣ በስንት ቤት ታፍኖ ይቀራል። እኚህ ሴት ፍርሃቴን ከፊቴ ላይ ያነበቡት ይመስለኛል፤ ልጄ የምትነግራቸው ነገር በእርሳቸው ዘንድ ምስጢር ሆኖ እንደሚቆይ፣ የእርሷ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት ለአደጋ ከተጋለጠ ግን ዝም ሊሉ እንደማይችሉ፣ በልጅ ላይ ጥቃት መፈጸሙን ሲጠረጥሩ ማሳወቅ የሕግ ግዴታቸው እንደሆነ፣ የልጅ መታመም ግን በራሱ ወላጅን እንደማያስጠይቅ ሳልጠይቃቸው አንድ በአንድ አስረዱኝ። በመጨረሻም «እርስዎ ከሌሉበት እኛ ምንም ልንረዳት አንችልም» አሉኝ። ትንፋሼ የተመለሰው ከዚያ ወዲያ ነው።

የደኅንነት ዕቅዷን ስንጽፍ፣ ሲከፋት የሚታዩባትን ምልክቶች፣ የሚያረጋጋትን ነገር፣ ልትደውልላቸው የምትችላቸውን ሰዎች፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2022 ጀምሮ በመላው አሜሪካ የሚሠራውን፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ወይም ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ሲመጣ የሚደወልበትን 988 የተባለውን የስልክ ቁጥር በተራ አሰፈርን። በቤታችን ምን እንደምናደርግ ሲጠይቁኝ ስለ ጸሎቱና ስለ ጠበሉ ነገርኋቸው። ከሕክምናው ጋር የሚጋጭ አድርገው አላዩትም፤ ልጄን ያጽናናት እንደሆነ እርሷኑ ጠይቀው፣ አዎን ስትላቸው ከሐኪሟ ቀጠሮ ጎን ጻፉት። በእምነታችን ሳናፍር፣ ሕክምናውንም ሳንሸሽ እንድንቀጥል ያደረጉን እርሳቸው ናቸው።

ወደ ትምህርት ቤት የተመለሰች ዕለት ኮሪደሩ በተማሪ ሳይሞላ በጎን በር ተቀበሏት። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት በምሳ ሰዓት ቢሯቸው ገብታ ቃል ሳይወጣት ስትቀመጥ እርሳቸውም ወረቀታቸውን እየሠሩ አብረዋት ይቀመጡ ነበር፤ ምን ሆንሽ ብለው አላስጨነቋትም፤ መናገር የጀመረችውም ራሷ ናት። ይህን ስጽፍ እንባዬ ይቀድመኛል። የአሜሪካ የትምህርት ቤት አማካሪዎች ማኅበር ለአንድ አማካሪ 250 ተማሪ እንዲደርስ ይመክራል፤ በብዙ ትምህርት ቤቶች ግን ቁጥሩ ከዚህ ይበልጣል። ያን ሁሉ ልጅ ይዘው ለእኔዋ ጊዜ ማግኘታቸው ዛሬም ይደንቀኛል። የአካል ጉዳት ወይም እንዲህ ያለ የጤና ችግር ያለባቸውን ከአድልዎ በሚጠብቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣው ሕግ አንቀጽ 504 መሠረት የሚዘጋጀውን የድጋፍ ዕቅድም እርሳቸው አስጀመሩልን፤ ፈተና ላይ ተጨማሪ ጊዜ አገኘች፤ ጭንቀት ሲበረታባትም ምክንያት ሳትናገር ካርዷን አሳይታ ከክፍል መውጣት ተፈቀደላት።

ካርዱን ስታሳይ በክፍል ፊት አንድም ጥያቄ ያልጠየቃችኋት መምህራኖቿ ሁሉ፣ የትምህርት ቤቱ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ነርሷ፣ የጥበቃና የምግብ አዳራሽ ሠራተኞች፣ የአውቶቡስ ሾፌሯ፣ አስተርጓሚዎቹ፣ እግዚአብሔር ያክብርልን። ፈረቃዬን የሸፈናችሁልኝ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ምን ሆነች ሳትሉ ምግብ ይዛችሁ ደጃችንን የረገጣችሁ ጎረቤቶቻችንና የአጥቢያችን ምእመናን፣ ብድራችሁን እርሱ ይክፈል። በዚያ ጭንቀት ውስጥ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደደወለ ሁሉንም መያዝ አልቻልኩምና ሳላነሣችሁ የቀራችሁ በይቅርታ እለፉኝ።

ተመሳሳይ ጭንቀት ላይ ያላችሁ ወላጆች፣ ትምህርት ቤት ስትደውሉ «አማርኛ» ብላችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ክፍያ የለውም። በካውንቲው ትምህርት ቤቶች ለወላጅ ከሚላኩት መረጃዎችም ብዙዎቹ በአማርኛ ይገኛሉ።

የልጄን ጓደኛ ለመጨረሻ ያቆየኋት ከሁሉ አሳንሼያት አይደለም። ልጄ የጻፈችላትን መልእክት ያነበበች ዕለት «ለማንም እንዳትነግሪ» ተብላ ሳለ፣ ጓደኝነታቸው ቢፈርስም ይፍረስ ብላ ወደ አማካሪዋ ቢሮ የሄደችው እርሷ ናት። ያን ጊዜ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ወላጆቿ ይህን ስታነቡ ማንን ማለቴ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጓደኝነታቸው አልፈረሰም፤ የስምንተኛ ክፍል ምስክር ወረቀታቸውን የተቀበሉት አንድ ረድፍ ላይ ተቀምጠው ነው። ቤታችን ቤቷ ነው፤ ከእናንተ ቀጥሎ እናቷ እኔ ነኝ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የተማሪዋ እናት
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ