እማ፣ ያቺን ጥግ ሲሚንቶ እንዳይነካት

እማ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? በስልክ ስነግርሽ «እሺ፣ እሺ» ብለሽ ስለምትዘጊው ነው መጻፌ። የጎረቤት ልጅ ታንብብልሽ።

ወንድሜ ጓሮውን ሲሚንቶ አልብሶ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ሊሠራበት እንዳሰበ ነገረኝ። ኪራዩ ይጠቅምሻል፣ አልቃወምም። ግን ከቧንቧው ጀርባ ያለችው ጥግ አትነካ። በሶብላው፣ ጤና አዳሙና ኮሰረቱ ያሉባት።

ምግብ ዝግጅት ልማር ስል «ወንድ ልጅ ድስት ሥር ምን ጣለው?» ያልሽኝ ትዝ ይልሻል? አልተቀየምኩም። እሺ፣ ትንሽ ተቀይሜ ነበር፤ አልፏል።

አሁን ኮምቦልቻ አንድ ሆቴል ማድቤት ለልምምድ ገብቻለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ሼፉ «ሚዛን ፕላስ!» ብሎ ሲጮህ ሚዛን አምጣ ያለኝ መስሎኝ ሚዛኑን ታቅፌ ሮጥኩ። ማድቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ለካ የፈረንሳይ ቃል ነው። እሳት ሳይለኮስ ሁሉም ነገር ተከትፎ፣ ተለክቶ፣ በየሳህኑ ተደርድሮ ይጠብቅ ማለት ነው። አንቺ ለመውሊድ ድግስ ከዋዜማው የምታደርጊው እኮ ነው። ስም አላወጣሽለትም እንጂ።

ያዘንኩበት ቀንም ነበር። ባሲል የሚሉት ቅጠል አለ፣ የበሶብላችን ዘመድ ነው። ሥራ ላቃልል ብዬ ጠዋት ከትፌ አስቀመጥኩት። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ጠቁሯል። ሼፉ አንድ ቃል ሳይናገር ቆሻሻ ውስጥ ደፋው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እንዲህ ያለ ለስላሳ ቅጠል የሚገባው ምግቡ ሊወጣ ሲል ነው። ሽታው ቅጠሉ ውስጥ ያለው ዘይት ነው፣ እሳት ሲበዛበት በኖ ይጠፋል። የጥብስ ቅጠልና ጦስኝ ግን ጠንካሮች ናቸው፣ ከመጀመሪያው ከስጋው ጋር ይገባሉ። የደረቀ ከሆነ የእርጥቡን ሲሶ ያህል ይበቃል።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ሼፉ «አበባ ሊያወጣ ሲል ጫፉን ቅጠፉት» ይላል። ካበበ ቅጠል መስጠቱን ይቀንሳል፣ ጣዕሙም መረር ይላል። አንቺ ደግሞ ልጅ ሆኜ የበሶብላውን አበባ ስነካ እጄን ትመቺው ነበር። ታዲያ ማናችሁ ናችሁ ልክ? ይሄ ነገር ስንት ቀን ሲያብሰለስለኝ ከረመ። ሁለታችሁም ናችሁ! እሱ የሚፈልገው እርጥብ ቅጠል ነው። አንቺ የምትጠብቂው ለበርበሬና ለቅቤ የሚደርቀውን አበባና ፍሬ። ለሼፉ ስነግረው ዝም ብሎ አየኝና «ከየት አመጣኸው?» አለኝ። ከእናቴ ጓሮ አልኩት። ድምብላሉም እንደዚያው ነው። አንቺ ፍሬውን ስትጠብቂ ቅጠሉን ዶሮ ይጨርሰው ነበር፣ እኛ እዚህ ቅጠሉን በእስር እንገዛዋለን።

እኔም የዘይት ጀሪካን ለሁለት ቆርጬ፣ ሥሩን በስቼ፣ ደጄ ላይ በሶብላና የጥብስ ቅጠል ተክያለሁ። በሶብላው እንደ አረም ነው የሚያድገው። አንቺ ያለሽበት ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ እዚህ ግን 1,850 ገደማ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደሽ 25 ኪሎ ሜትር ሳትጓዢ ጃኬት ታወልቂያለሽ። ያንቺን ግን የኅዳር ውርጭ እንዳያቃጥለው ቀድመሽ አድርቂው። የኔን የጥብስ ቅጠል ግን እኔው ነኝ የገደልኩት። በየቀኑ ሳጠጣው ሥሩ በሰበሰ። ለካ ውሃ ሲበዛበት አይወድም።

ሌላው የቅቤሽ ነገር ነው። ሼፉ «የእናትህን ቅቤ አነጣጠር ጽፈህ አምጣ» አለኝ። «ኮሰረት፣ አንድ እፍኝ» ብዬ ጻፍኩ። አነበበና «የማን እፍኝ?» አለኝ። ምን ልበለው? ኮረሪማው፣ አብሹ፣ እርዱ፣ ነጭ አዝሙዱ፣ ሁሉም ያንቺ እጅ ነው ልኩ።

እሑድ እረፍት ነኝ፣ ሚዛን ይዤ እመጣለሁ። አንቺ እንደ ልማድሽ እፈሺ፣ እኔ ድስት ውስጥ ከመግባቱ በፊት እመዝናለሁ። ጉልበትሽን ካመመሽ ወንበር ላይ ቁጭ ብለሽ እዘዢኝ። ግንበኛው እስከዚያ ይቆይ በይልኝ። ቅቤውን እኔ እገዛለሁ፣ ሰኞ ገበያ ድረስ ሄደሽ እንዳትሸከሚ።

ልጅሽ