ቤተሰብ ነን ካላችሁ ገበሬውንም አናግሩት

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጅ፣

ስለ አንድ የቤተሰብ ወይን ጠጅ መጥመቂያ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። ፎቶዎቹ ያምራሉ። አያትየው፣ የልጅ ልጁ፣ በርሜሎቹ፣ ሁሉም አለ። «ከወይን አብቃዮቻችን ጋር እንደ ቤተሰብ ነን» የሚለውም ሦስት ቦታ ተጽፏል። ውሸት ነው አልልም። ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ገበሬ እንኳ አፉን ሲከፍት አላየሁም። ቤተሰብ ከሆንን ምነው ሳንጠየቅ ቀረን?

እኔ ወይን አብቃይ ነኝ። የራሴ መጥመቂያ የለኝም፣ ፍሬውን ነው የምሸጠው። ከአባቴ ዘመን ጀምሮ 31 ዓመት ለአንድ ቤተሰብ ስንሸጥ ኖረናል። አሁን የምሠራው ከሦስተኛው ትውልድ ጋር ነው። ስለዚህ ጣፋጩንም ኮምጣጣውንም ቀምሼዋለሁ።

ወይን እንደ እህል ጎተራ ከትተው ዋጋ እስኪወጣ የሚጠብቁት ነገር አይደለም። ከተለቀመ በሰዓታት ውስጥ፣ ቢዘገይ በማግስቱ፣ መጥመቂያው ደጅ መድረስ አለበት። አዲስ ተክል ደግሞ የረባ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት ዓመት ገደማ ይፈጃል፣ ከዚያ በኋላ ግን በደንብ ከያዙት የሰው ዕድሜ ያህል ይኖራል። እስቲ አስቡት፣ አርባና ሃምሳ ዓመት የሚቆም ነገር ተክለህ፣ በዓመት አንዴ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ካልሸጥከው ዜሮ ነህ። ገዢህ ማን እንደሆነ ካላወቅክ እንቅልፍ የለም። ጠማቂውም ቢሆን ያስፈልገዋል። የማሳችን የታችኛው ጥግ አፈሩ ጥልቅ ስለሆነ ዘግይቶ እንደሚበስል፣ ድንጋያማው ላይ ያለው ደግሞ ፍሬው አነስ፣ ቆዳው ወፈር እንደሚል ለማወቅ ስንት ዓመት ተመላልሷል። ያንን ከገበያ አይገዛውም። ረጅሙ ወዳጅነት በፍቅር ብቻ የቆመ አይደለም ማለቴ ነው።

ጠቡ የሚጀምረው ሚዛኑ ላይ ነው። አብዛኛው ገበሬ የሚከፈለው በክብደት ነው፣ ጠማቂው የሚፈልገው ደግሞ ጣዕም። ፍሬው ቀለም መቀየር ሲጀምር ጠማቂው ይመጣና «እነዚህን ዘለላዎች ቁረጡና ጣሏቸው፣ የቀሩት በደንብ ይብሰሉ» ይላል። መሬት ላይ የሚወድቀው የገበሬው ገንዘብ ነው። ከዚያ ለቀማ ይደርሳል። ስኳሩ 24 ብሪክስ ገብቷል (ብሪክስ የፍሬው ጭማቂ ስኳር መለኪያ ነው)፣ ሠራተኛው መቀሱን ይዞ ቆሟል፣ ጠማቂው አንዲት ፍሬ አፉ ውስጥ ይጥልና ዘሯን ያኝካል፣ ያኝካል፣ «ገና ነው፣ ሳምንት እንጠብቅ»። በዚያ ሳምንት ፍሬው ውሃውን እያጣ ይጨማደዳል። ጣዕሙ ይጠልቃል፣ ሚዛኑ ይቀላል። መሀል ላይ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ሻጋታ ይገባበታል። የበሰበሰው የማን ነው?

አባቴና የዚያን ጊዜው የመጥመቂያው ባለቤት፣ ሽማግሌው፣ በዚሁ የተነሳ ሊቀያየሙ ደርሰው ነበር። ሽማግሌው ዘጠኝ ቀን አስጠበቁን። ዘጠኝ ቶን ብለን የገመትነው ስምንት እንኳ ሳይሞላ ቀረ። አባቴ ምንም አላለም፣ እሱ ሲናደድ ዝም ነው የሚለው። ሽማግሌው ግን ማታ ቤት መጡ፣ ደብተራቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው «ያስጠበቅኳችሁ እኔ ነኝ» አሉና የዘጠኝ ቶን ከፈሉ። በዓመቱ ክፍያውን ከኪሎ አውጥተው በሄክታር አደረጉት። ከዚያ ወዲህ ዘለላ ሲቆረጥ ሆዳችን አይቆረጥም። በሄክታር ከከፈልከው ገበሬው ይሰንፋል የሚሉ ጠማቂዎች አሉ፣ ይበሉ። በካሊፎርኒያ ናፓ ሸለቆ ደግሞ የቶኑን ዋጋ ከጠርሙሱ ዋጋ ጋር የሚያስሩ አሉ፣ አንዱ ጠርሙስ የሚሸጥበትን መቶ እጥፍ ለአንድ ቶን። ይሄም አይከፋም። ጽሑፋችሁ ውስጥ የፈለግኩት እንዲህ ያለውን ሒሳብ ነበር።

ሁሉም እንደኛ ሽማግሌ አይደለም። አንድ ዓመት የሰደድ እሳት ጭስ ማሳችን ላይ ለቀናት ተኝቶ ሰነበተ። የጭስ ነገር ክፋቱ ፍሬውን ስትቀምሰው ምንም የለውም። ጭሱ የሚያመጣቸው ንጥረ ነገሮች ከፍሬው ስኳር ጋር ተጣብቀው ይደበቁና ሲብላላ ነው የሚወጡት፣ ከዚያ ጠጁ የሲጋራ መተርኮሻ የላስክ ይመስላል። ጎረቤቴ ለሌላ የቤተሰብ መጥመቂያ ሃያ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበር። በስልክ «ዘንድሮ አንወስድም» ተባለ። በቃ። ማንም መጥቶ አልቀመሰለትም። ውላቸው ስለ ጭስ አንድ መስመር የለውም፣ የት ሄዶ ይከራከር? የኛዎቹ ከየጥጉ ጥቂት ለቅመው በባልዲ ጠመቁ፣ አብረን ቀመስን፣ የሚሆነውን ወሰዱ፣ የማይሆነውን ተዉ። ተጎድተናል፣ ግን ለምን እንደተጎዳን አውቀናል። እ.ኤ.አ. በ2020 በካሊፎርኒያ ሲቃጠል የደረሰውም ይሄው ነው። ላቦራቶሪዎቹ በናሙና ተጨናንቀው ውጤት ሳምንታት ሲፈጅ፣ ፍሬው ሐረጉ ላይ እንደተንጠለጠለ ገዢና ሻጭ ተፋጠጡ።

ከተነሳ አይቀር፣ ይሄ የዛሬ ችግር አይደለም። በፈረንሳይ ሻምፓኝ ምርቱ ክፉኛ በወደቀበት ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1911፣ ገበሬዎች ተነስተው የጠማቂዎቹን ጓዳ ሰባብረው ጠጁን መንገድ ላይ አፍስሰውታል። ምክንያታቸው አንዳንድ ጠማቂ ቤቶች ከሌላ አካባቢ ርካሽ ወይን እያስመጡ በሻምፓኝ ስም ይሸጣሉ የሚል ነበር። እዚያ ዛሬም ከወይን ማሳው 90 በመቶ ገደማው የገበሬው ነው፣ ከሚሸጠው ጠርሙስ አብዛኛው ግን የሚወጣው በቤቶቹ ስም ነው። ቢሆንም እ.ኤ.አ. ከ1941 ጀምሮ ሁለቱም ወገን የሚቀመጥበት አንድ ኮሚቴ አላቸው። ይጨቃጨቃሉ፣ ግን ፊት ለፊት ነው።

ሌላው የዘለላችሁት ነገር ውርስ ነው። «በመጨባበጥ ብቻ ነው የምንሠራው» የሚለውን እንደ ትልቅ ነገር አቀረባችሁት። የተጨባበጡት ሰዎች ሲሞቱስ? ልጆቹ መጥመቂያውን ለትልቅ ኩባንያ ቢሸጡትስ? አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ። ሽማግሌው ሲያርፉ የልጅ ልጃቸውን በጽሑፍ እናድርገው አልኩት። ቅር አለው። «አታምነኝም?» አለ። አምንሃለሁ፣ ካንተ በኋላ የሚመጣውን ግን አላውቀውም አልኩት። ሁለት ወር ተኮራርፈን ከረምን፣ በመጨረሻ ሁለት ገጽ ጻፍን። ለቀማ አስጠብቆ ዝናብ ቢያበላሸው ጉዳቱ የእሱ። ጭስ ከመጣ በባልዲ ጠምቀን ሁለታችንም ሳንቀምስ እንቢ ማለት የለም። መግዛት ለማቆም ደግሞ የሦስት ዓመት ማስጠንቀቂያ፣ ምክንያቱም ሌላ ዓይነት ልትከል ብል የሚፈጅብኝ ያን ያህል ነው። የማሳችን ስም ጠርሙሱ ላይ ይውጣ የሚለውን ግን አልተስማማንም። እሱ ላይ አሁንም እንነታረካለን።

እና በሚቀጥለው ጊዜ ጋዜጠኛችሁን የምትልኩት ከሆነ ጓዳው ውስጥ በርሜል ሲያይ አይዋል፣ ለቀማው ሳይጀመር ማሳው ላይ ይምጣ። የኛ ስኳር ትናንት 22 ነበር። የሽማግሌው የልጅ ልጅ ማክሰኞ መጥቶ ሊቀምስ ነው። ከአሁኑ አውቀዋለሁ፣ ዘሯን አኝኮ አኝኮ «ገና ነው» ሊለኝ ነው።

አክባሪያችሁ፣
አንድ ወይን አብቃይ