የትርፍ ግብሩ ይቀነስ ወይስ አይቀነስ?

ውድ አባላት፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ቅዳሜ ጠዋት ቃሊቲ ስንገናኝ የምንወያየው የድርጅቶች የትርፍ ግብር ከ30 በመቶ ዝቅ ይበል ብለን እንጠይቅ ወይ በሚለው ላይ ነው። አብዛኞቻችሁ “ይቀነስ” ባይ ናችሁ። እኔ እዚህ ላይ እለያለሁ። ቅናሹ የሚጠቅመው በደንብ ያተረፈውን ነው። የእኛን ወገብ ያጎበጠው ሌላ ነው። ብረት ሠሪው ቁርጥራጭ ላሜራ ከሰፈር ነጋዴ ይገዛል፤ ደረሰኝ የለም። ሒሳብ ሲዘጋ ያ ወጪ አይያዝለትም። ያላገኘው ብር ትርፍ ተብሎ ግብር ይጣልበታል። 30ው 25 ቢሆንም ይሄ አይፈታም። በዚያ ላይ የ2017ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ማሻሻያ ያላተረፈውንም ከጠቅላላ ሽያጩ 2.5 በመቶ ያስከፍላል። መጠየቅ ካለብን ከእነዚህ እንጀምር።

የአምናውን የግብር ውሳኔ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ኑ። የማይስማማ ካለ ፊት ለፊት ይሞግተኝ፤ ደስ ይለኛል።