«ወንጀል ጨመረ» ብሎ ለመጻፍ ምን ያስፈልጋል?

ለዝግጅት ክፍሉ፦

«ወንጀል በዚህን ያህል በመቶ ጨመረ» የሚሉ ዜናዎች አብዛኛውን ጊዜ መነሻቸው የፖሊስ ሪፖርት ነው። ሪፖርቱ የሚያሳየው ግን የተመዘገበውን ወንጀል እንጂ የተፈጸመውን ሁሉ አይደለም። መኪናው የተሰረቀበት ሰው ከኢንሹራንስ ካሳ ለመጠየቅ የፖሊስ ማስረጃ ስለሚያስፈልገው ያመለክታል፤ ቤቷ ውስጥ የምትደበደብ ሴት ግን ብዙ ጊዜ አታመለክትም። ስለዚህ የቤት ውስጥ ጥቃት አቤቱታ ሲበዛ ጥቃቱ ተባብሶ ሊሆን ይችላል፤ ተጎጂዎች «ፖሊስ ይሰማናል» ብለው ማመን ጀምረውም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛውን እንደ ውድቀት አድርጎ መዘገብ፣ ፖሊስ አቤቱታ ከመመዝገብ እንዲሸሽ መገፋፋት ነው።

ይህ ሽሽት በተግባር የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በእንግሊዝና ዌልስ የፖሊስ ተቆጣጣሪው አካል ባደረገው ምርመራ፣ ለፖሊስ ከተነገሩት ወንጀሎች 19 በመቶ ያህሉ ሳይመዘገቡ እንደሚቀሩ ገምቷል። በጾታዊ ወንጀሎች 26፣ በአካላዊ ጥቃት ደግሞ 33 በመቶ ነበር።

አገርን ከአገር ማወዳደር ከዚህም የከፋ ነው። ስዊድን ተደጋጋሚ ጥቃትን እያንዳንዱን ለየብቻ ትቆጥራለች፤ በኋላ ወንጀል አለመሆኑ ቢረጋገጥም አቤቱታው ከቁጥሩ አይወጣም። በአሜሪካ የቀድሞው የኤፍቢአይ አቆጣጠር ግን በአንድ ድርጊት ብዙ ወንጀል ቢፈጸም በአብዛኛው ከባዱን ብቻ ይይዝ ነበር፤ ዘርፎ የገደለ ሰው በግድያ ብቻ ይቆጠራል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በአንድ ሰንጠረዥ ጎን ለጎን ማስቀመጥ አንባቢን ማሳሳት ነው። በአንጻራዊነት ለንጽጽር የሚሻለው የግድያ ቁጥር ነው፤ አስከሬን መደበቅ ከባድ ስለሆነ።

የመቶኛው ነገርም አለ። ግድያ ከ4 ወደ 6 ከፍ ሲል «50 በመቶ ጨመረ» ማለት ስሌቱ ልክ ነው፤ አንባቢው የሚይዘው ሥዕል ግን የተዛባ ነው። ጥሬውን ቁጥርና ቢያንስ የአምስት ዓመቱን ሂደት አብራችሁ አውጡ። ከተሞችን ስታወዳድሩ ለ100,000 ነዋሪ አስሉ፦ 200,000 ሕዝብ ባለበት 300 ስርቆት ማለት 150 ነው፤ 1,200,000 ባለበት 900 ስርቆት ግን 75 ብቻ። ገበያና መናኸሪያ በበዛበት ክፍለ ከተማ ይህም ያሳስታል፤ ቀን የሚውለው ሕዝብ ከሚያድረው እጅግ ይበልጣልና።

በመጨረሻ፣ የቅርብ ወራት ቁጥር ብዙ ጊዜ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ዘግይተው የሚቀርቡ አቤቱታዎች ገና አልገቡም። ሩብ ዓመትን ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ሩብ ጋር አነጻጽሩ፤ የተስተካከለው ሪፖርት ሳይወጣም «ወንጀል ቀነሰ» የሚል ርዕስ አትስጡ።

ከአክብሮት ጋር