ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን፦ የቤት ኢንተርኔት ምርጫው የታለ?

ጤና ይስጥልኝ የባለሥልጣኑ ሰዎች፣

ይሄን የምጽፈው እናንተን ለመክሰስ አይደለም፣ ትንሽ ለወቀሳም ሳይሆን አይቀርም ግን። አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ወጥቶ እናንተ ስትቋቋሙ የተነገረን ውድድር ይመጣል፣ ደንበኛው ይመርጣል ተብሎ ነበር። በሞባይሉ እውነትም መጣ፣ ሳፋሪኮም መስከረም 2015 ላይ አዲስ አበባ ስራ ሲጀምር ሁለት ሲም የሚይዝ ሰው በዛ፣ የአንዱ ፓኬጅ ሲወደድ ወደ ሌላው ዞር ማለት ነው፣ አለቀ። ቤት ስንገባ ግን ምርጫው በር ላይ ይቀራል።

ድሮ ቤት ተከራይ ስለ ውሃና መብራት ነበር የሚጠይቀው፣ አሁን ፋይበር ገብቷል ወይ ይላል (ደላላው ሁሌም አዎ ነው የሚለው፣ እሱን ተዉት)። ህንጻው ውስጥ ያለው ገመድ የማን ነው? የሱ ደንበኛ ትሆናለህ በቃ። እኛ ብሎክ አንዱ አቅራቢ ቀድሞ ገብቶ ገመዱን በደረጃው በኩል ዘረጋ፣ ከዛ ሌላ ስንጠራ ባለሙያዎቹ መጥተው አዩና ኮሚቴው ካልፈቀደ አንነካም አሉ፣ ኮሚቴው ደሞ ከመጀመሪያው ጋር ተስማምተናል፣ ግድግዳው በየግዜው አይበሳም አለ። ኮሚቴውን አልፈርድበትም፣ ግድግዳውን ያየ ያውቀዋል። ግን አንድ ቱቦ አንዴ ተዘርግቶ ሁሉም በሱ ቢያልፍ ማን ይጎዳል? ኢትዮ ቴሌኮምና ሳፋሪኮም እኮ ታወር እየተጋሩ ነው የሚሰሩት፣ የመሠረተ ልማት መጋራት መመሪያ ያወጣችሁትም እናንተው ናችሁ፣ ታዲያ ያ መጋራት ደረጃ ስር እስካለችው ሳጥን ድረስ ይውረድልና። ኮሚቴም ይሁን ሪል እስቴት ለአንድ አቅራቢ ብቻ ብሎ መፈረም እንዳይችል በግልጽ ከልክሉልን። ለኮሪደር ልማቱ መንገዱ ሲቆፈር በተቀበሩት ቱቦዎች ውስጥ ሌላ አቅራቢ በምን ዋጋ ማለፍ እንደሚችልም አብራችሁ ንገሩን።

ገመድ ካጣህ በሲም የሚሰራውን ራውተር ውሰድ ይሉሃል። መጥፎ አይደለም፣ ትሰካዋለህ ይሰራል፣ ቤት ስትቀይርም ይዘኸው ትሄዳለህ። ግን ያንን ታወር ሰፈሩ በሙሉ በስልኩ ይጠቀምበታል፣ ማታ ሁሉም ቤቱ ሲገባ ይዝላል፣ ኮንክሪት ቤት ውስጥ ደሞ መስኮት ዳር ካላስቀመጥከው ሲግናሉ ይዳከማል። ፋይበሩም ቢሆን የብቻህ አይደለም፣ ጂፖን በሚባለው አሰራር ወደ 2.5 ጊጋቢት የሚሆነው መስመር ለምሳሌ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይከፋፈላል፣ ይሄ በራሱ ብዙም አያስቸግርም፣ የሚያስቸግረው አቅራቢው ከሰፈሩ ወደ ኢንተርኔቱ የሚወስደውን ዋና መስመር ሲያጠበው ነው። የድሮው የመዳብ መስመር ከጣቢያው በራቅክ ቁጥር ይደክማል። ይሄን ሁሉ ደንበኛው ከመፈረሙ በፊት ከየት ያውቀዋል? ማስታወቂያው ላይ ያለው ስፒድ ጣሪያው ነው፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ ስንት እንደሚደርስህ ማንም አይነግርህም። አፕሎዱማ (ከቤትህ ወደ ውጭ የምትልክበት ስፒድ) ብዙ ግዜ ትዝም አይላቸው፣ ከቤት የሚሰራ ሰው ስብሰባ ላይ ፊቱ ደርቆ የሚቀረው በሱ ሆኖ ሳለ።

ስለዚ እናንተ ለኩትና አውጡት። በየወረዳው የትኛው አቅራቢ በፋይበር፣ የትኛው በመዳብ፣ የትኛው በሲም እንደሚደርስ የሚያሳይ ካርታ፣ ከጎኑ ደሞ ማታ የተለካ ስፒድና መስመር ሲበላሽ በስንት ሰዓት እንደሚጠገን፣ ድረ ገጻችሁ ላይ በየሶስት ወሩ ይታደስ። አቅራቢዎቹ ራሳቸው የሚልኩላችሁን ቁጥር ብቻ ለጥፋችሁ ግን እንዳትተዉን አደራ።

ሁሉም ባንዴ ይሁን አላልኩም፣ ካርታው ቢዘገይ እንታገሳለን፣ የህንጻው ነገር ግን ይቅደም፣ ምክንያቱም አዲስ ብሎክ በተሰራ ቁጥር አንዱ ቀድሞ ገብቶ በሩን እየዘጋው ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጀሞ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ