46 ቢሊዮኑ ማጋነን አይደለም

ክቡር አዘጋጅ፣

ለጠቅላላ አንባቢ ስለሚጻፉ የኮስሞሎጂ (የጽንፈ ዓለም ጥናት) መጻሕፍት ያወጣችሁትን ዘገባ በጉጉት ጀምሬ በንዴት ጨረስኩት። ዘጋቢው የጽንፈ ዓለም ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ሆኖ ሳለ፣ የሚታየው ዳርቻ 46 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት (አንዱ፣ ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው) ይርቃል የሚሉ መጻሕፍት «አንባቢን ለማስደመም ቁጥር ይቆልላሉ» ብለዋል። እሰይ! ኮስሞሎጂስቶቹ ለካ እስከ ዛሬ መደመርና መቀነስ የሚያስተምራቸው ጋዜጠኛ አጥተው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዛሬ የሚደርሰን እጅግ ጥንታዊው ብርሃን የተነሣው ጽንፈ ዓለም 380,000 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ያን ጊዜ ብርሃኑን የለቀቀው ቁስ ከእኛ አካባቢ የሚርቀው 42 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ብቻ ነበር። ብርሃኑ ወደ እኛ ሲገሰግስ ግን ሕዋው ራሱ ይለጠጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ርቀቶች 1,100 እጥፍ ገደማ አድገዋል፤ 42 ሚሊዮንን በ1,100 ማባዛት ደግሞ ማንንም አይከብድም። ከብርሃን የሚፈጥን የለም የሚለው ሕግም አልተጣሰም፤ ሕጉ የሚገዛው በሕዋ ውስጥ የሚጓዘውን እንጂ የሕዋውን መለጠጥ አይደለም። ይህን ያወቅሁት ከየት ይመስላችኋል? ዘገባችሁ ካጣጣላቸው መጻሕፍት!

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ፊዚክስን የተሰናበትኩት ትምህርት ቤት ነው። ዘጋቢው ፕሮፌሰር አነጋገሩ፣ አሳታሚ አነጋገሩ፤ እኛን አንባቢዎቹን ግን «መደርደሪያ ለማሳመር የሚገዙ» ብለው በአንድ መስመር ሸኙን። በምሳ ሰዓት መጽሐፍ በገለጥኩ ቁጥር የሚያሾፉብኝ ባልደረቦቼ ጋዜጣውን አምጥተው፣ ያቺን መስመር አስምረውባት ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩልኝ። ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

መጻሕፍቱ ነቀፋ የለባቸውም አልልም። እ.ኤ.አ. በ1965 ግኝቱ ይፋ የሆነውን፣ በመሣሪያ የተለካውን የማይክሮዌቭ ጨረር፣ ማለትም ያንኑ ጥንታዊ ብርሃን፣ እና ማንም አይቶት የማያውቀውን የብዙ ጽንፈ ዓለማት መላ ምት በአንድ ዓይነት የእርግጠኝነት ድምፅ የሚተርኩ አሉ። የቱ እንደተለካ፣ የቱ እንደተገመተ ለእንደኔ ያለው አንባቢ መለየት ይቸግረዋል። በዚህ ቢመጡባቸው እኔም አብሬ እጮህ ነበር። ዘጋቢው ግን እሱን ዘለው ትክክለኛው ቁጥር ላይ ዘመቱ።

ማረሚያ የምታወጡ ከሆነ ስሕተቱ በወጣበት ገጽ፣ ስሕተቱ በወጣበት የፊደል መጠን ይሁን። ቀደም ሲል ስለ ጥቁር ጉድጓድ የላክሁላችሁ ደብዳቤ እዚያው ጉድጓድ ሳይገባ አልቀረም፤ ይኼኛውን አደራ።

ከአንባቢያችሁ አንዱ